የለንደን ድመቶች ጥፋታቸው ምን ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1665 ለንደን በቸነፈር ስትመታ የከተማዋ ሹማምንት ውሾችና ድመቶች እንዲገደሉ አዘዙ። ከቤት ቤት ሲዞሩ በሽታውን በጸጉራቸው ያዛምታሉ ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ደራሲው ዳንኤል ዴፎ በ1722 ባሳተመው መጽሐፍ፣ 40 ሺህ ውሾችና 200 ሺህ ድመቶች ተገደሉ ይባል እንደነበር ጽፏል። ቁጥሩ ግምት ነው፤ ትእዛዙ ግን እውነት ነው።

ለአይጥም መርዝ ተቀምጧል። ደመወዝ የማይጠይቀው አይጥ አዳኝ ግን አብሮ ተፈጀ። በዚያ ዓመት በመዝገብ የሰፈሩት የቸነፈር ሟቾች ብቻ ከ68 ሺህ በላይ ናቸው።

ቸነፈርን የአይጥ ቁንጫ እንደሚያስተላልፍ አንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ያሳየው በ1898 ነው፤ ከ233 ዓመት በኋላ። ድመቶቹ ቢተርፉ ለንደን ትድን ነበር ማለት አይደለም፤ ድመትም በበሽታው ትያዛለች። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፦ የፈራ ሹም ሳያጣራ ሲፈርድ፣ መጀመሪያ የሚቀጣው አፍ የሌለውን ነው።