ትልቅ የላም ቃጭል
ብረትና ቆዳ። ታችኛው ኤንጋዲን፣ ግራውቡንደን ካንቶን፣ ስዊዘርላንድ

ይህን የመሰለ ቃጭል በሞቃት ወራት የሚሰማው ከብቶች በሚግጡበት የተራራ መስክ ነው። ማርች 1 (የካቲት 22) ሲደርስ ግን ልጆች ይይዙታል። ዕለቱ ቻላንዳማርዝ ይባላል። በብዙ መንደሮች ተማሪዎች የእረኛ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሰው፣ ቀይ ቆብ ደፍተው፣ ቃጭላቸውን እያቃጨሉ የመንደሩን የውኃ ገንዳዎች ይዞራሉ፤ በሮማንሽ ቋንቋ እየዘመሩም የበረዶውን ወቅት ያባርራሉ። ትልቅ ቃጭል መያዝ ለልጅ ታላቅ ክብር ነው። ሴሊና ኾንትስ ጽፋው አሎይስ ካሪጄት በሥዕል ያስጌጠው፣ በ1945 እ.ኤ.አ. የታተመው ተወዳጅ የልጆች መጽሐፍ የተነሣው ከዚሁ ነው፦ ትንሽ ቃጭል የደረሰው ኡርስሊ ትልቁን ሊያመጣ በበረዶ ውስጥ ብቻውን ወደ ተራራው ጎጆ ይወጣል።

ቃጭሉ የመጣበትን የኤንጋዲን ሸለቆ የሚያቋርጠው የኢን ወንዝ ከዳኑብ ጋር ተቀላቅሎ ጥቁር ባሕር ይገባል። የሸለቆው ቤቶች የድንጋይ ግድግዳ ወፍራም ነው፤ መስኮቶቹም ብርዱን ለመከላከል ጠበብ ብለው ወደ ውስጥ የጠለቁ ናቸው። በልስኑ ላይ ተፍቀው የተሠሩትን ጌጦች ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል።

ልጆቹ የሚዘምሩበት ሮማንሽ ከላቲን የተወለደ ነው። ሸለቆዎቹን ተራራ ስለሚለያያቸው አምስት የጽሑፍ ዘዬዎች አሉት፤ የዚህ አካባቢ ዘዬ ቫላደር ነው። የስዊዘርላንድ ሕዝብ በ1938 እ.ኤ.አ. በሰጠው ድምፅ አራተኛው ብሔራዊ ቋንቋ ሆኗል። ተናጋሪዎቹ ጥቂት አሥር ሺዎች ብቻ ስለሆኑ፣ የታችኛው ኤንጋዲን ልጆች ዛሬም በሮማንሽ መማራቸው ከፍተኛ ዋጋ አለው።