ከከሰል እስከ ናኖ ቁስ፤ በውኃ ውስጥ የተሰወረውን በካይ የመፈለግ ታሪክ

መግቢያ

ውኃ ጠርቶ መታየቱ ብቻ ለንጽሕናው ማረጋገጫ አለመሆኑን መምህራን ዘወትር ያስተምራሉ። ሆኖም ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ በበሽታ አምጪ ተሐዋስያን ላይ ያተኩራል። ከፋብሪካ፣ ከነዳጅና ከፀረ ተባይ መድኃኒት የሚመነጩ ኦርጋኒክ በካዮች መጠናቸው በሊትር በማይክሮግራም፣ ማለትም በግራም ሚሊዮንኛ የሚቆጠር ሊሆን ይችላል። ውኃን ማፍላት ተሐዋስያንን ቢገድልም ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹን አያስወግድም። በዚህ ጽሑፍ በካዮቹን ለማወቅ የተደረገው ጥረት ታሪክ ባጭሩ ይቀርባል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሰልና ጠመኔ

በብዙ ውኃ ውስጥ የተበተነን ጥቂት ነገር በቀጥታ መለካት አስቸጋሪ ስለሆነ አስቀድሞ መሰብሰብ ያስፈልጋል። ይህን የሚፈጽመው ሌላውን ነገር በገጹ ላይ አጣብቆ የሚይዝ ቁስ ሲሆን ከዚህ በኋላ «ሰብሳቢ ቁስ» እየተባለ ይጠራል።

በ1785 ቶቢያስ ሎቪትስ የተባለው ኬሚስት ከሰል ፈሳሽን ከቀለም እንደሚያጠራ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ አስተዋለ። ሚኻኢል ጽቬት ደግሞ በዋርሶ ሲሠራ የቅጠል ቀለማትን በጠመኔ ዱቄት በተሞላ ቱቦ አሳልፎ አንዱን ከሌላው ለየ፤ በ1906 ባሳተመው ጽሑፍም ዘዴውን ክሮማቶግራፊ ብሎ ሰየመው። እንግዲህ መሰብሰብና መለየት የሚባሉት ሁለቱ መሠረታዊ ተግባራት የተጀመሩት በሁሉም ዘንድ በሚታወቁ ቁሶች ነው።

ከጠቅላላ ክብደት ወደ ስም

በ1962 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ባወጣው የመጠጥ ውኃ ደረጃ በከሰል ተሰብስቦ በክሎሮፎርም ታጥቦ የሚወጣው ነገር በሊትር ከ0.2 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ተወሰነ። እርምጃው ታላቅ ቢሆንም ጉድለት ነበረው። ከሰል የያዘውን ሁሉ አይለቅም፤ የሚገኘውም ቁጥር ጠቅላላ ክብደትን እንጂ የበካዩን ማንነት አይገልጽም። መርዛማውና ጉዳት የሌለው በአንድ ሚዛን ይመዘኑ ነበር።

በ1972 በአዮዋ ክፍለ ሀገር በኤምስ ከተማ የሚገኙ ተመራማሪዎች ጣዕሙና ሽታው የተለወጠውን የከተማይቱን የጉድጓድ ውኃ በሰው ሠራሽ የሬዚን ፍሬዎች ውስጥ አሳለፉ። ሬዚኑ የያዘውን በቀላሉ ስለሚለቅ የተሰበሰበው በጋዝ ክሮማቶግራፊ ተለይቶ እንደ ናፍታሊን ያሉት ውሁዶች እያንዳንዳቸው በስማቸው ታወቁ። ምንጫቸውም ከድንጋይ ከሰል ጋዝ ሲመረት ከብዙ ዓመታት በፊት የተጣለ ዝቃጭ ነበር። ስሙ ያልታወቀ በካይ ምንጩም ሆነ ተጠያቂው አይታወቅም።

የናኖ ቁስ ዘመን

በ1991 ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ የካርቦን ናኖቲዩብን አወቃቀር በኔቸር መጽሔት አሳወቀ። በ2003 የቻይና ተመራማሪዎች ይህን ቁስ በትንሽ ቱቦ ሞልተው ከውኃ ውስጥ ቢስፌኖል ኤንና ሁለት ተመሳሳይ ውሁዶችን ሰበሰቡ፤ በሊትር ከ0.1 ማይክሮግራም ያነሰ መጠንም ለማወቅ ቻሉ።

የመጠን ማነስ ጥቅሙ ምንድን ነው? ጎኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ የገጹ ስፋት 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ይኸው ኩብ ጎናቸው 1 ናኖሜትር ወደሆነ ኩቦች ቢከፋፈል ጠቅላላው ስፋት 6000 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሆኖም በልዩ ዝግጅት የተሠራ ከሰልም በግራም 1000 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ሊኖረው ስለሚችል ልዩነቱ በስፋት ብቻ አይገለጽም። የከሰል ገጽ በጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ የተሰወረ ሲሆን የናኖ ቁስ ገጽ ግን በአብዛኛው ወደ ውጭ የተገለጠ ስለሆነ በካዩ ፈጥኖ ይያዛል፤ በጥቂት ማጠቢያ ፈሳሽም ይለቀቃል። በአንጻሩ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ አምልጠውም ራሳቸው ውኃውን ሊበክሉ ይችላሉ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ደንብ ከመለካት ችሎታ አይቀድምም፤ ስለሆነም ዕቅድ አውጪዎች ሰብሳቢውን ቁስ ብቻ ሳይሆን መለኪያ መሣሪያውንና የሠለጠነውን ባለሙያ አብረው ማሰብ ይገባቸዋል። ሁለተኛ፣ መምህሩ በጠመኔና በቀለም መለየትን፣ በተፈጨ ከሰልና በቀለማም ውኃ መሰብሰብን በክፍል ውስጥ ማሳየት ይችላል። ውኃው ከጠራ በኋላ ግን ተማሪዎቹን «አሁን ንጹሕ መሆኑን በምን አወቃችሁ?» ብሎ ይጠይቃቸው። የትምህርቱ ዋና ዓላማ ያ ጥያቄ ነው።