ከአዋሽ ጣቢያ እስከ ሰመራ፤ ስለ ሰዓት አጠባበቅ

ባቡር ከመምጣቱ በፊት በአዋሽ ሸለቆ ሰዓት ይታወቅ የነበረው በፀሐይ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር አዋሽን አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ግን፣ በአንድ ሐዲድ የሚመላለሱ ባቡሮች እንዳይጋጩ ጣቢያዎቹ ሁሉ አንድ ሰዓት መጠበቅ ግድ ሆነባቸው።

ዛሬ በሰመራ ዋይፋይ ያላት ማይክሮኮንትሮለር ይህንኑ ትሠራለች። ክሪስታሏ ቢዛነፍ፣ ከኢንተርኔት የሰዓት ሰርቨር ጠይቃ ትታረማለች። ሰርቨሩ የሚሰጣት ግን ዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ 3 ብንደምርበት የአውሮፕላን ትኬት ሰዓት፣ 3 ብንቀንስበት የአገራችን ሰዓት ይሆናል። ይህን ያልለየ የ6 ሰዓት ስሕተት ይሠራል። የሰመራ ፀሐይም በበኩሏ ከታወጀው ሰዓት በአማካይ 16 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች።

ስለዚህ ትክክለኛ ሰዓት የምንለው ሰዎች የተስማሙበትን እንጂ ፀሐይ የምታሳየውን አለመሆኑን እንረዳለን።