ሆቢሽ ምንድን ነው?

መዘዞ ተወልዳ ያደገች አንዲት የዘመድ ልጅ ሰሞኑን እኔ ዘንድ እየመጣች ጀርመንኛ ታጠናለች። ባሏ ያለው ጀርመን አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የጀርመን ሕግ መሠረት፣ እንደኛ ካለ አገር ወደ ትዳር ጓደኛው የሚሄድ ሰው፣ በልዩ ሁኔታ ካልታለፈ በቀር፣ ከቪዛው በፊት መጠነኛ ጀርመንኛ ማወቁን ማስመስከር አለበት።

በመጀመሪያው ደረጃ የቃል ፈተና ተፈታኙ ራሱን የሚያስተዋውቀው በሰባት ቃላት ነው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ አገር፣ መኖሪያ፣ ቋንቋ፣ ሙያ፣ ሆቢ። ስድስቱን ልጅቷ እንደ ዳዊት ትወርዳቸዋለች። ሰባተኛው ላይ ትቆማለች።

«ጋሼ፣ ሆቢ ምንድን ነው?»

«በትርፍ ጊዜሽ ደስ ብሎሽ የምትሠሪው ነገር ነዋ።»

«የምን ትርፍ ጊዜ?» ብላ ሳቀች።

የሸመደደችው መልስ ግን አላት፤ «ኢሽ ቫንደረ ጌርን»። ተራራና ጫካ ለጫካ በእግር መጓዝ እወዳለሁ ማለት ነው። በዚያ ብርድ ውሃ ስትቀዳ፣ ትምህርት ቤት ስትመላለስ እግሯ የነቃ ልጅ «መንገድ እወዳለሁ» ስትል እኔም ሳቅሁ።

ለመሆኑ ጀርመኖቹስ መንገድን ሆቢ ያደረጉት መቼ ነው? ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1839 አንኮበር፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ደረሰ። ሦስት ዓመት ያህል ኖሮ በ1842 ተሰናብቶ ወጣ። ጉዳዩም ግብፅ ላይ እጮኛውን ሮዚንን ለመቀበል ነበር። በመዘዞ አካባቢ ባለችው ሰላ ድንጋይ በኩል አልፎ፣ የንጉሡን እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅን ተሰናብቶ ወደ ወሎ ዘለቀ። እዚያም አዳራ ቢሌ የተባለው ገዥ አስሮ ዘረፈው። ባዶ እጁን ምጽዋ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ግብፅ ላይ ሮዚንን አገባ። ያን ተራራ የወጣው ለሽርሽር አልነበረም።

የጥቁር ደን ተጓዦች ማኅበር በክራፕፍ አገር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1864 ነው። ጊዜው ባቡርና ፋብሪካ የተስፋፉበት ነበር። በ1918 ደግሞ የቀን ሥራ በስምንት ሰዓት ተወሰነ። እንግዲህ መንገድ ደስታ የሆነው ግዴታነቱ ለቀረለት፣ ከሥራው የሚተርፍ ሰዓትም ላገኘ ሰው ነው። የመዘዞዋ ልጅ ሆቢ ያጣችው ደስታ ስለማታውቅ አይደለም። ሰዓቱን ለይቶ የሰጣት ስለሌለ ነው።

«እስቲ የሸመደድሽውን ተይና» አልኳት፣ «ልጅ ሳለሽ ደጅ ወጥተሽ ደስ የሚልሽ ምን ነበር?»

ትንሽ አሰበች። «እንቁጣጣሽ ሲደርስ አደይ ለቅመን አበባየሆሽ እንላለን። እኔ ነበርኩ የማወጣው፤ ሌሎቹ ይቀበሉኛል።»

ታዲያ ምን ጎደለው? «ኢሽ ዚንገ ጌርን»፤ መዝፈን እወዳለሁ። ቃሉ ሦስት ነው፣ አይከብድም። ደግሞም እውነት ነው።

ያኔ ክራፕፍ በመዘዞ አጠገብ ወደ ሙሽራው ሲያልፍ ሆቢውን የጠየቀው አልነበረም። ዛሬ የመዘዞዋ ልጅ ወደ ባሏ ስትሄድ ትጠየቃለች። ካልቀረ፣ በራሷ ደስታ ትመልስ።