የተበከለ ጽጌ ብናኝ እና የማር ንብ ጤና

የተበከለ ጽጌ ብናኝ የሚባለው የፀረ-ተባይ ቅሪት፣ ከባድ ብረት ወይም በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይዞ ወደ ቀፎ የሚገባ የአበባ ዱቄት ነው። ጉዳቱ በርጭት ወቅት ከሚደርሰው ድንገተኛ ሞት ይለያል። መርዙ በቀፎ ውስጥ ተከማችቶ ሊቆይ ይችላል፤ ዋነኞቹ ተመጋቢዎችም ገና ለቅስም ያልወጡ ወጣት ንቦች ናቸው። በዚህም ምክንያት መንስኤውን ለይቶ ማረጋገጥ ብዙውን ጊዜ ያስቸግራል።

በቀፎ ውስጥ ያለው ጥቅም

ወለላ ለንቦች ኃይል ሲሰጥ፣ ጽጌ ብናኝ ፕሮቲን፣ ቅባት፣ ቫይታሚንና ማዕድን ያስገኛል። ቀሳሚ ንቦች በኋላ እግራቸው ተሸክመው ያመጡት ዱቄት በሰም እንጀራ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይብላላል። ሞግዚት ንቦች ይህን በልተው እጮችንና ንግሥቲቱን የሚመግቡበትን ፈሳሽ ከዕጢዎቻቸው ያመነጫሉ።

የብክለት ምንጮች

በሰብል ላይ የሚረጩ ፀረ-ተባይ፣ ፀረ-ፈንገስና ፀረ-አረም ኬሚካሎች በብዛት ይጠቀሳሉ። በዘር ላይ የሚለበጡ መድኃኒቶችም በተክሉ ውስጥ ተሰራጭተው እስከ አበባው ይደርሳሉ። ይሁንና ምንጩ ሁልጊዜ ገበሬው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የሰሜን አሜሪካ ጥናት በ350 የጽጌ ብናኝ ናሙናዎች ውስጥ 98 ዓይነት ፀረ-ተባዮችና ውላጆቻቸውን አግኝቷል። በብዛት ከታዩት መካከል ንብ አናቢዎች ራሳቸው ቫሯ የተባለውን ጥገኛ ቅንቅን ለመከላከል በቀፎ ውስጥ የሚያኖሯቸው ፍሉቫሊኔትና ኩማፎስ ይገኙበታል።

በፋብሪካዎችና በአውራ ጎዳናዎች አካባቢ እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ብረቶች በአበባ ዱቄት ላይ ይገኛሉ። የንብ ክንፍ የሚያጣምመውን ጨምሮ አንዳንድ ቫይረሶችም በንቦች በተሰበሰበ ጽጌ ብናኝ ላይ ተለይተዋል።

የፔንካፕ-ኤም ጉዳይ

በዚህ ርዕስ ከሚጠቀሱ የቆዩ ማስረጃዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው ፔንካፕ-ኤም ነው። ሜቲል ፓራቲዮን የተባለው መርዝ በናይሎን መሰል ደቃቅ ቅንጣቶች ተሸፍኖ ቀስ በቀስ እንዲወጣ ተደርጎ የተሠራ ሲሆን፣ አንዱ ዓላማ የእርሻ ሠራተኞችን ከመርዙ ንክኪ መጠበቅ ነበር። ለሰው የታሰበው ጥበቃ ግን ለንብ አደጋ ሆነ።

የቅንጣቶቹ ስፋት ከ30 እስከ 50 ማይክሮን ግድም በመሆኑ ከብዙ አበቦች ዱቄት መጠን ጋር ይቀራረባል። በንቧ ፀጉር ላይ ተጣብቀው ከጽጌ ብናኙ ጋር አብረው እየተጠቀለሉ ወደ ቀፎ ገቡ። ተራው ሜቲል ፓራቲዮን ከርጭት በኋላ በአጭር ጊዜ ሲዳከም፣ በቅንጣት የታሸገው ግን ከምግቡ ጋር ተከማችቶ ቆየ። ከወራት በኋላ ንቦች የተከማቸውን ሲመገቡ መሞታቸው ተዘግቧል፤ በዚያን ጊዜ ርጭቱን የሚያስታውስ ሰው ላይኖር ይችላል። ሜቲል ፓራቲዮን እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ በብዙ ፍራፍሬዎችና አትክልቶች ላይ እንዳይውል ሲደረግ የቀረበው ዋና ምክንያት የሕፃናት ምግብ ደኅንነት ነበር። አጠቃቀሙ ሙሉ በሙሉ ያበቃው በ2013 ነው።

በጤና ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

አነስተኛ መጠን ያለው ቅሪት ንቦችን ወዲያው ላይገድል ይችላል። የተመዘገቡት ጉዳቶች የእጭ ዕድገት መዘግየት፣ የዕድሜ ማጠር፣ የሞግዚት ንቦች ዕጢ መዳከምና የበሽታ መከላከል አቅም መቀነስን ያካትታሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ክሎሮታሎኒል የተባለ ፀረ-ፈንገስ ያለበትን ጽጌ ብናኝ የተመገቡ ንቦች ኖሴማ በተባለው የአንጀት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ጨምሮ ተገኝቷል። ይህ ውጤት ትኩረት የሳበው ፀረ-ፈንገሶች ለንብ እምብዛም አያሰጉም ተብለው በአበባ ወቅት ጭምር ይረጩ ስለነበር ነው። አንዳንድ ፀረ-ፈንገሶች ንቧ መርዝን የምታፈርስባቸውን ኢንዛይሞች ስለሚገቱ፣ አብሯቸው የገባውን ፀረ-ተባይ ኃይል እንደሚያባብሱም በቤተ ሙከራ ታይቷል።

አከራካሪ ነጥቦች

ኒዮኒኮቲኖይድ የተባሉት ፀረ-ተባዮች ለኅብረ ንብ መመናመን ያላቸው ድርሻ እስካሁን ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ የመስክ ጥናት በሃንጋሪና በብሪታንያ በማር ንብ ላይ አሉታዊ ውጤት ሲያሳይ፣ በጀርመን ተመሳሳይ ጉዳት አላሳየም። ልዩነቱን በአካባቢው ከሚገኙ ሌሎች አበቦች ብዛትና ከንቦቹ የቀደመ ጤንነት ጋር የሚያያይዙ አሉ። የአውሮፓ ኅብረት ኢሚዳክሎፕሪድ፣ ክሎቲያኒዲንና ቲያሜቶክሳም የተባሉትን በ2013 ገድቦ በ2018 ከቤት ውጭ በሚደረግ እርሻ ላይ አግዷቸዋል።

በኢትዮጵያ

በደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች እንደ መጭ ያሉ በሰብል መካከል የሚበቅሉ አረሞች ከክረምት በኋላ ለሚመጣው የማር ወቅት ጠቃሚ ቀለብ ናቸው። ስለዚህ ፀረ-አረም ንቦችን የሚጎዳው በቅሪቱ ብቻ ሳይሆን አበባውን በማጥፋትም ጭምር ነው።

መከላከያ

የተለመደው ምክር አበባ ላይ ያለን ሰብል አለመርጨት፣ ግድ ከሆነም ንቦች ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ ማምሻውን መርጨት ነው። ቀፎን ለጊዜው መዝጋት ከርጭቱ ንክኪ ያድናል፤ ቀፎው ሲከፈት ንቦቹ ከሚቀስሙት ቅሪት ግን አይከላከልም።