ሜላቶኒንና ሥር የሰደደ በሽታ ያለባቸው ሰዎች እንቅልፍ በቤሩት

ሜላቶኒን በአንጎል መካከል የምትገኝ ፓይኒያል የተባለች ትንሽ ዕጢ ሲመሽ የምታመነጨው ሆርሞን ነው። በክኒን መልክ የሚሸጠው በፋብሪካ የተሠራ አምሳያው ነው። በሊባኖስ ዋና ከተማ ቤሩትና በዙሪያዋ ባሉ ሰፈሮች፣ በቡርጅ ሐሙድ፣ በዶራ፣ በነብዓ፣ በሐዝሚዬና በደቡባዊው ዳሒዬ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የኩላሊት ወይም የአስም ሕመም ይዟቸው ሌሊቱ አልነጋ የሚላቸው ሰዎች ከሚሞክሯቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ክኒን ነው። በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። ክኒኑ የሰውነት ሰዓቱ ለተዛባበት ሕመምተኛ በእርግጥ ይጠቅማል። ሕመሙ ራሱ፣ የሚወስደው ሌላ መድኃኒት ወይም የሚተኛበት ቤት እንቅልፍ ለነሳው ሰው ግን የሚያደርግለት ነገር ጥቂት ነው። ቤሩት ላይ ከባዱ ነገር ሁለቱን መለየት ነው።

አሠራሩ

ሆርሞኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው በአሜሪካ የል ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሐኪም የነበረው አሮን ለርነር ሲሆን፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1958 ነው። ለርነር በሺዎች የሚቆጠሩ የከብት ዕጢዎችን ሰብስቦ ይፈልግ የነበረው የቆዳን ቀለም የሚለውጥ ነገር ነበር። ከእንቅልፍ ጋር ያለው ግንኙነት የታወቀው ቆይቶ ነው። ሰውነት ሜላቶኒንን የሚሠራው ከምግብ ከሚያገኘው ትሪፕቶፋን ነው፤ ትሪፕቶፋን መጀመሪያ ሴሮቶኒን፣ ከዚያም ሜላቶኒን ይሆናል። ዕጢዋን የሚያዛት ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ያለው የሰውነት ዋና ሰዓት ነው፤ እሱም ቀኑና ሌሊቱ መለየቱን የሚያውቀው በዓይን በሚገባው ብርሃን ነው። ከመኝታ በፊት የሚበራ ተራ የክፍል መብራት እንኳ የሆርሞኑን የሌሊት ቆይታ በ90 ደቂቃ ያህል እንደሚያሳጥር እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት አሳይቷል።

ሜላቶኒን ለሰውነት መምሸቱን ይነግራል፤ የእጅና የእግር ደም ሥሮችን ከፍቶም የውስጥ ሙቀትን ዝቅ ያደርጋል። እንደ ሌክሶታኒል ያሉ ማስታገሻዎች እንደሚያደርጉት አንጎልን አያደነዝዝም። ተራው ክኒን ከተዋጠ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ውስጥ ግማሹ ስለሚወጣ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሚባንን ሰው ብዙም አይደርስለትም። እ.ኤ.አ. በ2013 የ19 ጥናቶች ውጤት ተደምሮ ሲታይ፣ ክኒኑን የወሰዱ ሰዎች በአማካይ እንቅልፍ የወሰዳቸው 7 ደቂቃ ያህል ቀድሞ፣ የተኙትም 8 ደቂቃ ያህል ጨምረው ነበር። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ለተራ የእንቅልፍ እጦት እንዳይታዘዝ መክሯል፤ ምክሩ የተመሠረተበት ማስረጃ ግን ደካማ መሆኑን ራሱ ገልጿል።

በሽታው ሌሊቱን ሲያዛባ

ለአንዳንድ ሕመምተኞች ግን ጉዳዩ ከሰባት ደቂቃ ያልፋል። ከዋናው ሰዓት ተነስቶ ዕጢዋ ዘንድ የሚደርሰው መልእክት የሚያልፈው ቤታ በተባሉ ተቀባዮች በኩል ነው። ለደም ግፊትና ለልብ የሚታዘዙት አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል የሚዘጉት እነዚህኑ ተቀባዮች ስለሆነ፣ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው የሌሊት ሜላቶኒኑ ይቀንሳል። በቦስተን በ16 የግፊት ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት፣ ለሦስት ሳምንት በየማታው 2.5 ሚሊ ግራም ሜላቶኒን የወሰዱት ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው ይልቅ 36 ደቂቃ ያህል የበለጠ ተኝተዋል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ምክንያቱና መፍትሔው እንዲህ የተገጣጠሙበት ሁኔታ ግን በዚህ መስክ ብርቅ ነው። የግፊት መድኃኒት ጀምሮ እንቅልፍ ያጣ ሰው የመድኃኒቱን ስም ለሐኪሙ ቢነግር ይጠቀማል፤ በራሱ ፈቃድ ቢያቋርጠው ግን ልቡን አደጋ ላይ ይጥላል።

የኩላሊት እጥበት የሚደረግላቸው ሰዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ በሌሊት ከፍ ማለት የነበረበት የሜላቶኒን መጠን አይታይባቸውም። ቀን በእጥበት ወንበር ላይ ያንቀላፋሉ፤ ማታ እግራቸው አላርፍ ይላቸዋል፤ ቆዳቸውን ያሳክካቸዋል። በኔዘርላንድ በተደረጉ ጥናቶች 3 ሚሊ ግራም ሜላቶኒን ተሰጥቷቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፋቸው ተሻሽሎ ነበር፤ ክትትሉ ወደ ዓመት ሲራዘም ግን ጥቅሙ አልዘለቀም። በእኔ እምነት ይህ ሁለተኛው ውጤት ከመጀመሪያው እኩል ሊነገር ይገባዋል። ሕመምተኛው ክኒኑን የሚገዛው ለሳምንታት ሳይሆን ለዓመታት ነውና።

በስኳር ሕመም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሜላቶኒን ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳት የመግታት ጠባይ አለው፤ ይህም በተለይ በዘራቸው የተወሰነ ዓይነት የሜላቶኒን ተቀባይ በያዙ ሰዎች ላይ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ከእራት ጋር ወይም እራት እንደተበላ ባይወሰድ ይመረጣል። ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት የሚነሳ ሰው ስኳሩ ከፍ ብሎ፣ በላብ ተጠምቆና እየተንቀጠቀጠ የሚነቃ ደግሞ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ጋ የሚያስፈልገው የስኳር መለኪያው ነው። አስም ያለባቸውም እንዲሁ ሳያማክሩ ባይጀምሩት ይሻላል፤ አስማቸው ሌሊት በሚብስባቸው ሰዎች ዘንድ ሜላቶኒን ከፍ ብሎ የተገኘበት ጥናት አለ።

አንዳንዴ መላው ችግር የሰዓት ጉዳይ ነው። ፉሮሴማይድ የተባለውን የሽንት መድኃኒት ማታ የሚወስድ ሰው ሌሊቱን መጸዳጃ ቤት ሲመላለስ ያድራል። ፕሬድኒሶሎን ማታ የዋጠ ሰውም ዓይኑ ሳይከደን ይነጋል። ሐኪሙ ሁለቱንም ወደ ጠዋት ቢያዛውራቸው ሌላ ክኒን ላያስፈልግ ይችላል።

የቤሩት ሌሊት

የሊባኖስ መብራት ኃይል ከኢኮኖሚው ቀውስ በፊትም ቢሆን በቤሩት ከተማ በቀን ሦስት ሰዓት፣ በዳርቻዎቹ ደግሞ ከዚያ በላይ ያጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ኢኮኖሚው ሲወድቅ ነገሩ ባሰ፤ በጥቅምት 2021 የደይር ዓማርና የዘህራኒ ማመንጫዎች ነዳጅ አልቆባቸው ሲቆሙ የአገሪቱ መረብ በአንድ ጊዜ ጨለመ። ሰፈሩ የሚኖረው ኢሽቲራክ በሚባለው የጄኔሬተር ኪራይ ነው። ናፍታ ሲጠፋ ባለ ጄኔሬተሮቹ ሌሊት ያጠፋሉ፤ ሲሠራ ደግሞ ድምፁና ጭሱ ከመንገድ ዳር ወደ መኝታ ቤት ይገባል።

ይህ ሕመምተኛው ላይ ሲያርፍ በዓይን የሚታይ ነው። በእንቅልፍ ልቡ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ የሚልበት ሰው ጭንብል አድርጎ የሚተኛበት አየር የሚነፋ መሣሪያ አለው፤ መብራት ሲቋረጥ መሣሪያው ይቆማል፤ ሰውየው እየታፈነ ይነቃል፣ ጭንብሉን አውልቆ ይቀመጣል። ባትሪ መግዛት ከቻለ ችግሩ ይቃለላል፤ ሜላቶኒን ግን የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። በነሐሴ ወበቅ ማራገቢያ ሲቆም ደግሞ ሰውነት ለመተኛት ማውረድ ያለበትን ሙቀት ማውረድ ያቅተዋል። ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው መድኃኒቱ እንዳይበላሽበት በመስጋት ብቻ ነቅቶ ያድራል።

ፍርሃትም አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 2020 ከአመሻሹ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ በወደቡ ተከማችቶ የነበረው 2,750 ቶን ገደማ አሞኒየም ናይትሬት ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በአሽረፊዬ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ከአገልግሎት ውጭ ሆነ፤ በካራንቲና ያለው የጤና ሚኒስቴር ማዕከላዊ የመድኃኒት መጋዘንም ተጎዳ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጸው ዳሒዬ በአየር ድብደባ ስትናወጥ ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን ጥለው ወጡ፤ የድሮን ድምፅ ከከተማዋ በላይ ሌሊቱን ሙሉ ይሰማ ነበር። እንዲህ ካለ ነገር በኋላ በር ሲጋጭ የሚባንን ሰው ሜላቶኒን አላነሰበትም። የሚያስፈልገው የአእምሮ ጤና እርዳታ ነው፤ ኢምብሬስ የተባለው ድርጅት ከጤና ሚኒስቴሩ ጋር የሚያካሂደው የስልክ መስመር 1564 ለዚህ የተቋቋመ ነው።

ሰዓቷ የራሷ ያልሆነ ሠራተኛ

እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አያካትትም። መኖሪያቸውም ሥራቸውም ከፋላ በሚባለው ሥርዓት ከአንድ ከፊል፣ ማለትም አሠሪ፣ ጋር የታሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው አንድ ወጥ ውል በቀን ከ10 ሰዓት ያልበለጠ ሥራና በሌሊት ቢያንስ 8 ሰዓት ያልተቆራረጠ ዕረፍት እንዲሰጥ ያዛል፤ አሠሪው ኢንሹራንስ እንዲገባላትም ያስገድዳል። ውሉ በወረቀት ላይ ያለውን ያህል በቤቶቹ ውስጥ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2020 የተሻለ ውል ቢዘጋጅም የአገሪቱ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት አገደው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን አምጥተው በሐዝሚዬ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል፤ በርካቶቹ መንገድ ላይ አድረዋል።

ሜላቶኒን ከመኝታ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ ከዚያ በኋላም ብርሃኑ ዝቅ ማለት ይኖርበታል። ወጥ ቤት ውስጥ ወይም በተሸፈነ በረንዳ ላይ የምትተኛ ሴት ግን እንግዶች መቼ እንደሚወጡ አታውቅም። በሦስት ሰዓት ክኒኑን ውጣ እስከ ስድስት ሰዓት ሰሃን ልታጥብ ትችላለች፤ መብራቱን የሚያጠፉትም ማዳም፣ ማለትም የቤቱ እመቤት፣ ናቸው። ሕፃን ወይም አዛውንት እንድትጠብቅ ከተደረገች ደግሞ ሌሊት መነሳቷ ሥራዋ ነው፤ እንቅልፍ ከጣላትና ሳትሰማ ከቀረች የምትወቀሰው እሷ ናት። ግፊት ወይም ስኳር ያለባት ከሆነች መድኃኒቷን ለማምጣት መውጣትም ፈቃድ ይጠይቃታል። ለእንዲህ ዓይነቷ ሕመምተኛ ሐኪም ሊጽፍላት የሚገባው ምርጥ ነገር ስምንት ሰዓት መተኛት እንዳለባት የሚገልጽ፣ ለአሠሪዋ የሚታይ የሕክምና ወረቀት ነው ብዬ አምናለሁ።

ክኒኑና ገበያው

በአውሮፓ ኅብረት ሰርካዲን የተባለው ቀስ ብሎ የሚሟሟ 2 ሚሊ ግራም ክኒን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በማዘዣ ይሰጣል። በአሜሪካ ግን ሜላቶኒን እንደ ምግብ ማሟያ ስለሚቆጠር ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ይገዛል። የሊባኖስ ፓውንድ ከ1,507 ወደ 90,000 ገደማ በዶላር ከወረደና መድኃኒት ከመደርደሪያ ከጠፋ ወዲህ በዘመድ ሻንጣ መድኃኒት ማስመጣት የቤሩት የዕለት ኑሮ ሆኗል፤ ሜላቶኒንም 5 ወይም 10 ሚሊ ግራም በተጻፈባቸው ብልቃጦች ይመጣል። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ አይታመንም። በካናዳ የተመረመሩ 31 ምርቶች እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ውጤት መሠረት፣ አንዳንዶቹ ከተጻፈው መጠን 83 በመቶ ያነሰ፣ አንዳንዶቹም ከአራት እጥፍ በላይ የበለጠ ይዘው ተገኝተዋል፤ በስምንቱ ውስጥ ሴሮቶኒን ተገኝቷል። ብዙ መውሰድ እንቅልፉን አያበዛውም፤ ከ0.5 እስከ 3 ሚሊ ግራም ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ከዚያ ሲያልፍ የሚተርፈው የጠዋት ድብታና ራስ ምታት ነው።

ከሌላ መድኃኒት ጋር ያለው ግጭት ለሥር ሰደድ ሕመምተኛ ዋናው አደጋ ነው። ለድብርት የሚሰጠው ፍሉቮክሳሚን ሜላቶኒን በጉበት እንዳይፈጭ ስለሚያግድ መጠኑን በብዙ እጥፍ ያሳድገዋል። ደም ለማቅጠን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ለመድማት ሊጋለጥ ይችላል። ኒፌዲፒን በሚወስዱ የግፊት ሕመምተኞች ላይ በጣሊያን በተደረገ ጥናት ሜላቶኒን ግፊታቸውን ከፍ አድርጎታል። ኩላሊት የተተካላቸው፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ ያረገዙና የሚያጠቡ ሴቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊነኩት አይገባም። ሌክሶታኒል ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ደግሞ ሜላቶኒን አገኘሁ ብሎ በአንድ ቀን ሊያቆመው አይገባም፤ ድንገት ማቆም መንቀጥቀጥንና መውደቅን ሊያስከትል ስለሚችል የሚቀነሰው በሐኪም ክትትል፣ ጥቂት በጥቂት ነው።

የት መታከም ይቻላል

ጤና ሚኒስቴር በዋይኤምሲኤ-ሊባኖስ በኩል የሥር ሰደድ በሽታ መድኃኒቶችን በመጀመሪያ ደረጃ ጤና ጣቢያዎች ያከፋፍላል። በቡርጅ ሐሙድ የካራጎዝያን ጤና ጣቢያ፣ በዳሒዬ ደግሞ ዓሜል ማኅበር የሚያካሂዳቸው ጣቢያዎች የውጭ አገር ሰዎችንም ያያሉ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞችም ለስደተኛ ሠራተኞች ክሊኒክ ከፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች የተመሠረተው እኛ ለእኛ በስደት ሰው ሲቸገር የሚደወልለት ማኅበር ነው። ወደ ክሊኒክ የሚሄድ ሰው የሚወስዳቸውን ክኒኖች በሙሉ፣ ከዘመድ የመጡትን ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ይዞ ቢቀርብና እያንዳንዱን በስንት ሰዓት እንደሚውጥ፣ ሌሊት ምን እንደሚቀሰቅሰው ቢናገር፣ ሐኪሙ ሜላቶኒን ያስፈልገው እንደሆነ በዚያው ቀን ሊወስን ይችላል።