የዩ ስትሪቱ ሆት ዶግ ቤትና የእኛ ሰፈር



ብዙዎቻችን ዋሽንግተን ዲሲ እንደገባን ከለመድናቸው ሰፈሮች አንዱ ዩ ስትሪት ነው። እንጀራ የገዛነው፣ ሥራ ያፈላለግነው፣ ከአገር ልጅ ጋር ቡና የጠጣነው እዚያው ነው። በዚሁ ጎዳና ቁጥር 1213 ላይ ቤንስ ቺሊ ቦውል የሚባል ምግብ ቤት አለ። ዝነኛ ምግቡ የአሳማ ሥጋ ስላለበት ክርስቲያኗም ሙስሊሟም ከመካከላችን የማትቀምሰው ብዙ ናት። የቤቱ ታሪክ ግን ይመለከተናልና በዚህ እትም ልናነሳው ወደድን።

ቤቱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 22 ቀን 1958 ነው። የከፈቱት ከትሪኒዳድ የመጡት አቶ ቤን አሊና እጮኛቸው የነበሩት ወይዘሮ ቨርጂኒያ ናቸው፤ ጋብቻቸውን የፈጸሙት በዚያው ዓመት ነው። ወይዘሮ ቨርጂኒያ ቀደም ሲል ጥቁሮች ባቋቋሙት ኢንዱስትሪያል ባንክ ገንዘብ ተቀባይ ነበሩ። ሁለቱ በእጃቸው የነበረው 5,000 ዶላር ነው። በዚያ ገንዘብ፣ መጀመሪያ ድምፅ አልባ ፊልም ይታይበት የነበረውን፣ ኋላም የፑል ቤት የሆነውን ሕንፃ አድሰው ሥራ ጀመሩ። ዕቁብ ጥለን ሱቅ ለከፈትን ሴቶች እንዲህ ያለው አጀማመር እንግዳ አይደለም።

ያቀረቡት ምግብ ቀላል ነበር። በዲሲ የታወቀው ሀፍ ስሞክ በጭስ የበሰለ፣ ከበሬና ከአሳማ ሥጋ የሚሠራ ወፍራም ቋሊማ ነው። ለስላሳ ዳቦ ውስጥ ገብቶ ሰናፍጭና ሽንኩርት ይጨመርበትና ቺሊ የሚባለው የተፈጨ ሥጋ ወጥ ይፈስበታል።

በዚያን ጊዜ በዘር መድልዎ ምክንያት ጥቁሮች በሌላው የከተማዋ ክፍል እንደልባቸው አይስተናገዱም ነበር። ስለዚህ ዩ ስትሪት የራሳቸው ባንክ፣ ሐኪም፣ ጠበቃና ቴአትር ያሉበት መናኸሪያ ሆነ፤ «ጥቁሩ ብሮድዌይ» ይባልም ነበር። ሊንከን ቴአትር የምግብ ቤቱ የቅርብ ጎረቤት ነው። እንደ ዱክ ኤሊንግተንና ኤላ ፊትዝጀራልድ ያሉ ሙዚቀኞች በቤንስ ተስተናግደዋል። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግም ድርጅታቸው በአካባቢው ቢሮ ስለነበረው ብቅ ይሉ ነበር። በ1963 ለታላቁ የዋሽንግተን ሰልፍ ቤቱ ምግብ ለግሷል።

ሚያዝያ 4 ቀን 1968 ዶክተር ኪንግ ሲገደሉ ቁጣው ከ14ኛው ጎዳናና ከዩ ስትሪት መገናኛ ተነሣ። ሱቆች ተቃጠሉ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ቤንስ ግን በልዩ ፈቃድ ክፍት ሆኖ ቆየ። በአንድ በኩል ፖሊሶችንና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን፣ በሌላ በኩል የመብት ታጋዮችን አበላ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ግን ከእሳቱም የከፉ ነበሩ። አቅም ያላቸው ነዋሪዎች ሰፈሩን ለቀቁ፤ ሕንፃዎች ባዶ ቀሩ፤ አደንዛዥ ዕፅ ጎዳናውን ወረሰው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ለምድር ባቡሩ ሲባል መንገዱ ተቆፈረ። ደንበኛ በመጥፋቱ ባልና ሚስቱ አንድ ሠራተኛ ብቻ ይዘው ቀሩ። ቢሆንም ቤቱን አልዘጉም። የባቡር ጣቢያው በ1991 ተከፈተ፤ ሰዉም ቀስ በቀስ ተመለሰ። በ2004 ቤቱ የጄምስ ቤርድን ሽልማት አገኘ፤ በጥር 2009 ባራክ ኦባማ ቃለ መሐላ ሊፈጽሙ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ መጥተው በሉበት። አቶ ቤን በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አረፉ።

የእኛ ሰዎች በዩ ስትሪትና በ9ኛው ጎዳና በብዛት ምግብ ቤት የከፈቱት መንገዱ ከዚህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ባዶ የነበሩ ቤቶች በእጃችን መብራት በርቶባቸዋል፤ ይህን ማንም አይክደንም። በ2005 ከ9ኛው ጎዳና የተወሰነው ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲሰየም የአገራችን ሰዎች ሲጠይቁ፣ ከቀደሙት ጥቁር ነዋሪዎች መካከል የተቃወሙ ነበሩ። ብዙዎቻችን ነገሩን እንደ ንቀት ወሰድነው። የቤንስን ታሪክ ስናውቅ ግን ቅሬታው ይገባናል። ሰፈሩን ሰው ሁሉ ጥሎት ሲሄድ ከርመው የጠበቁት ሰዎች፣ በክፉው ዘመን ያወጡት ዋጋ እንዳይረሳ ነው የፈሩት።

ዛሬ ያው ፍርሃት በእኛም ደጅ ቆሟል። ኪራይ ሲወደድ ወገኖቻችን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ እየሄዱ ነው። ቤቶቹ ሲዘጉ ማን እንደከፈታቸው፣ በስንት ብር እንደተጀመሩ፣ ጓዳ ውስጥ ማን እንደቆመ አብሮ ይጠፋል። በተለይ የሴቶቹ ድካም አይጻፍም፤ በር ላይ የሚለጠፈው ብዙ ጊዜ የባል ስም ነውና። በቤንስም በር ላይ ያለው የአቶ ቤን ስም ነው፤ ወይዘሮ ቨርጂኒያ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው ሠርተዋል።

ስለዚህ እኅቶቻችንን የምንጠይቀው ይህን ነው። ሱቅም ይሁን ምግብ ቤት የከፈታችሁ፣ ወይም በሰው ቤት ወጥ ስትሠሩ የኖራችሁ፣ የጀመራችሁበትን ዓመት፣ ገንዘቡን ያገኛችሁበትን መንገድና አስቸጋሪውን ጊዜ እንዴት እንዳለፋችሁት ጽፋችሁ ላኩልን። መጻፍ ለሚከብዳት አባል ከወጣቶቻችን አንዷ ቤቷ ድረስ ሄዳ ትጽፍላታለች። የተሰበሰበውን በየእትሙ እናወጣዋለን።